ቤተሰብ ቁጥር ሦስት

መስከረም 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለነርሶች አስተማሪ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽ ይቅናሽ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የምትረግጪው መሬት ይመችሽ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በላክሽልኝ መጠይቅ ላይ ልጽፈው ፈልጌ ቦታ አጣሁለት። አርባ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ለእያንዳንዱ «ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በፍጹም» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ሠርተሽለታል። አንዱ «ከታማሚው ጋር ሲነጋገሩ ድምፅዎን ከፍ ያደርጋሉ?» ይላል። ታማሚው ማለትሽ መሐንዲሱን፣ የእናትሽን ልጅ፣ ታናሽ ወንድምሽን ከሆነ፣ አዎ ከፍ አደርጋለሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሲቀመጥ በሹክሹክታ ብጠራው ማን ይሰማኛል? ለዚህ የሚሆን ሳጥን ስለሌለ ሦስቱንም ሞላኋቸው።

ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። አባታችሁ ካረፈ ጀምሮ መሐንዲሱ እኔ ጋ ነው፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ። በልጅነቱ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታ ሲገጥም ያወጣንለት ስም እስከ ዛሬ አለ፤ ሬዲዮው ነው የሌለው። ሐኪሞቹ በሽታው ስኪዞፍሬንያ ነው ብለዋል። አንቺ ደግሞ ይህ በሽታ የገባበትን ቤተሰብ ነርሶች እንዴት እንደሚደግፉት ታስተምሪያለሽ፣ ሽልማትም አግኝተሽበታል። ፎቶሽን ጎረቤቴ አሳየችኝ። አምሮብሻል፤ ወፍረሻልም። ለምን አትደውዪም እንዳልልሽ ስልኩን ከቤት ያስወጣሁት እኔው ነኝ፤ በጮኸ ቁጥር መሐንዲሱን የሚያሳድዱ ሰዎች የደወሉ እየመሰለው አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ለዚህ ነው በብዕር የምንነታረከው።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ልንገርሽ። ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል። ግራው ጨርሷል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁበት ዓይን የመርፌ ቀዳዳ መለየት ካቆመ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ሃያ መርፌ ላይ ክር አስገብቶ ደርድሮ የሚሰጠኝ መሐንዲሱ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ጥር 25 ቀጥረውኛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ማጎንበስ፣ ዕቃ ማንሳት፣ እሳት አጠገብ መቆም ክልክል ነው ብለውኛል። እነዚያን ሁለት ሳምንታት መጥተሽ ከወንድምሽ ጋር ተቀመጪ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቅሁሽን አሁን የምጠይቅሽ፣ ባዕድ ሰው ከመጣ እሱ ከክፍሉ ስለማይወጣ ነው።

አክስትሽ

ጥቅምት 29

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜና ጤና ያብዛልዎ፣ ቤትዎን ሰላም ያድርግልዎ። ስለ ዓይንዎ በመጨነቅዎ አዝኛለሁ፤ ሆኖም ሞራ ማውጣት በአሁኑ ጊዜ ቀላል ሕክምና ስለሆነ አይፍሩ።

መጠይቁ እንደ መመሪያው ስላልተሞላ ልጠቀምበት አልቻልኩም። ባይገባዎት አልፈርድብዎትም፤ ለተማረ ሰው የተዘጋጀ ነው። ደብዳቤዎ ግን ከመጠይቁ ይልቅ ጠቅሞኛል። እዚህ የማሠለጥናቸው ነርሶች ስለ መድኃኒትና ስለ መርፌ ጠንቅቀው ያውቃሉ። የማያውቁት ነገር በሽተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚባል ነው። ነቀፋ በበዛበት ቤት የሚኖር ታማሚ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንደሚያገረሽበት በጥናት ተደርሶበታል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም በቅን ልብ የሚናገሯቸው አንዳንድ ቃላት ወንድሜን ሊጎዱት ይችላሉ። ለምሳሌ «ታጠብ» ከማለት «ብትታጠብ ደስ ይለኛል» ማለት ይሻላል። ድምፅ ይሰማኛል ሲልዎ አይከራከሩት፣ እውነት ነውም አይበሉት፤ ስሜቱን ብቻ ይረዱለት።

ስለ መምጣቴ ላነሡት፣ ጥርና የካቲት ዋናው የሥልጠና ወቅት ነው። ሠላሳ ስድስት ነርሶች ተመዝግበዋል። ቢሆንም አስብበታለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ይተባበሩኝ። እርስዎ ምን እንደሚሉት፣ እሱ ምን እንደሚመልስ፣ የአንድ ቀን ውሏችሁን ምንም ሳይቀንሱ ይጻፉልኝ። ለሥራዬ ብቻ አይደለም፤ ናፍቆቴንም ያስታግስልኛል።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 18

ይድረስ ለአሠልጣኟ፤

እንደምን አለሽ? ሠላሳ ስድስቱ ነርሶችሽስ? ሁላችሁንም ጤና ይስጣችሁ፤ ብዙ ናችሁና ብዙ ጤና ያስፈልጋችኋል።

ያልተማርኩት አክስትሽ ምክርሽን ሞከርኩት። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ድምፄን አለስልሼ «ብትታጠብ ደስ ይለኛል» አልኩት። ወጥቶ ትኩር ብሎ አየኝና አሞሽ ነው ወይ አለኝ። ደህና ነኝ ብለውም አላመነኝም። ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላዬ ሲከተለኝ ዋለ፣ ሁለት ጊዜ ግንባሬን ዳሰሰኝ። በማግስቱ ወደ ራሴ ተመልሼ «ተነስ ታጠብ፤ ጎረቤት በአንተ ሽታ ቤት ሊለቅ ነው» አልኩት። እፎይ ብሎ ታጠበ።

ናፍቆትሽን ያስታግስልሽ እንደሆነ ውሏችንን ልጻፍልሽ። ከመኝታው እስከ ወጥ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። አሥራ ሁለት ከሆነበት ተመልሶ እንደገና ይጀምራል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እኔም አሞቃለሁ። ቁርሱን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ውኃ ሲሞላ የሚያሰማው ድምፅ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ነው ይላል። ምን እያሉ ነው ስለው፣ ፈሪ ነው እያሉ ነው ይለኛል። እኔም «ታንከር ደግሞ ምን ቤት ነው አንተን የሚሰድበው? ስድብ ካማረህ እኔ አለሁልህ» እለዋለሁ። ይስቃል። የማይስቅበትም ቀን አለ። ያን ቀን ምንጣፉ ላይ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ታንከሩ ሞልቶ ዝም እስኪል ድረስ እኔም ዝም እላለሁ። ክኒኑን አልውጥም ብሎ ሲያንገራግር «ዋጠው፤ እኔ አንተን ለመቅበር ዕድሜ የለኝም» እለዋለሁ። ይውጠዋል።

መጥፎ ቀንም አለ። ባለፈው ወር ሦስት ቀን ዘግቶ አልወጣም አለኝ። የሚበላውን በሩ ሥር ባስቀምጥ ሳይነካው ይውላል። በሦስተኛው ቀን እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ምነው እኔን ወስዶ በገላገለኝ» አልኩ። ከውስጥ ሰምቶኛል። ይኼንን የጻፍኩልሽ ምንም አትቀንሺ ስላልሽኝ ነው እንጂ ለሰው የሚነገር ሆኖ አይደለም።

አስብበታለሁ ያልሽውን አስበሽ ጨርሰሽ እንደሆነ አሳውቂኝ። ነርስ ለማሠልጠን ሠላሳ ስድስት ሰው ሰብስበሻል፤ እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 27

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፤

ሰላምታዬና ምኞቴ ካሉበት ይድረስዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎን አንድ ቀን ሙሉ ደጋግሜ ሳነብ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከየትም አይገኝም። የክፍሉ ተማሪዎችም አነጋገርዎን በጣም ነው የወደዱት።

የምሥራች ይዣለሁ። ለብዙ ጊዜ የደከምኩበት የነርሶች ማሠልጠኛ መጽሐፍ በመጨረሻው ሰዓት አንድ ክፍል ተጨምሮበት በቋንቋችን ታትሞ እናንተ አካባቢ ወደሚገኘው ሆስፒታል ደርሷል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ነርሶች ከዚህ ሆኜ በስክሪን አስተምሬያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ቤት ለቤት እየሄዱ አስታማሚዎችን ይደግፋሉ። የእርስዎን ቤት ከመጀመሪያዎቹ ተርታ አስመዝግቤዋለሁ። አንዷ በቅርቡ ትመጣለች፤ ለጥር 25ም መላ ትፈልግልዎታለች። እባክዎ በትዕግሥት ይስሟት፤ የምትነግርዎትን በነገር አይመልሱባት።

እኔ መምጣት አልቻልኩም። ምክንያቱን ልጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። ሥራ ነው ብለው ይያዙልኝ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ

ጥር 14

ይድረስ ለደራሲዋ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለዛሬ ይኼ ይበቃሻል።

የላክሻት ነርስ ሐሙስ ዕለት መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ቀጭን፤ ቦርሳዋ ከእሷ ይከብዳል። መሐንዲሱ እንዳልኩሽ ክፍሉን ዘጋ። እሷም ውጣ ብላ አላንኳኳችበትም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለ ስፌት ታወራኝ ጀመር። የጋውኗ ጠርዝ ተተርትሮ ኖሮ አምጪው ብዬ ልሰፋላት ስነሣ፣ መሐንዲሱ ክር የገባበት መርፌ ይዞ ብቅ አለ። ሰላም አላት፤ በዓመት አንዴ የማያደርገውን። ወደድኳት። ይኼንንማ ያቺ የወንድሜ ልጅ አላስተማረቻትም አልኩ በሆዴ።

ከዚያ መጽሐፍሽን አወጣች። ሥልጠናው የሚያዘው አብሮ እያነበቡ መጫወት ነው አለችን። ነርሷ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱን ትሆናለች፣ ቤተሰቡ ሌላውን ይሆናል፣ ከዚያ ስህተቱን አብሮ መልቀም ነው። የሌላ ሰው ቤት ስለሆነ አይከብዳችሁም አለች፣ ምስኪን። ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ቤተሰብ ቁጥር ሦስት» የሚለው ላይ ቆመች። «ነቀፋ የሚበዛበት ቤት» ይላል ከሥሩ። አክስትየዋን እኔ ልሁን አለችና ድምፅዋን ጎርነን አድርጋ «ተነስ ታጠብ፤ ጎረቤት በአንተ ሽታ ቤት ሊለቅ ነው» አለች። ቀጠለችና «እኔ አንተን ለመቅበር ዕድሜ የለኝም» አለች። ቀጠለችና በሩ ሥር ተቀምጬ ያለቀስኩትን፣ ምነው በገላገለኝ ያልኩትን ከነቃሉ አነበበችው። መጨረሻው ላይ በደማቁ «ይህች አስታማሚ በታማሚው ላይ ያደረሰችውን ጉዳት ዘርዝሩ» ይላል። ለመልሱ ሦስት መስመር ተትቶለታል።

አንቺ ልጅ፣ አፈርኩብሽ። የቤቴን ገመና ለአሥር ነርስ በተንሽው፤ ይሁን። የክፍልሽ ተማሪዎች የወደዱት አነጋገርም ይኼው መሆኑ ገባኝ፤ ይሁን። ግን ስትገለብጪ መርጠሽ ነው የገለበጥሽው። ምንጣፉ ላይ አብሬው የምቀመጠውን የት አደረስሽው? ይስቃል ብዬ የጻፍኩትን ማን በላው? ሃያዎቹን መርፌዎችስ? ከደብዳቤዬ እኔን የሚያሳጣኝን ለቅመሽ የቀረውን ጣልሽው። አርባ ዓመት ስሰፋ ጨርቅ እንኳ እንዲህ ቆርጬ አላውቅም። ነቀፋ የሚበዛበት ቤት ብለሽ የጻፍሽው፣ ከአምስቱ ገጽ አራቱ እኔን የምትነቅፊበት ነው። በሽታው ይዞኝ ቢሆን ይኼኔ አገርሽቶብኝ ነበር።

ወደ ነርሷ ልመለስ። ነርሷ ምን እንዳጠፋች ባታውቅም ፊቴን አይታ መጽሐፉን ልትዘጋው ስትል መሐንዲሱ እጁን ሰደደበት።

«ይኼ የኛ ቤት ነው» አላት።

ተቀብሏት ራሱ አነበበው፤ እስከ መጨረሻው ሄደና እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። አንድ ነገር የጠፋበት ነበር የሚመስለው። ከዚያ ቀና ብሎ «እህቱስ የት አለች?» ሲል ጠየቃት። ነርሷ ገጹን አየችና እህት አልተጻፈችም አለችው።

«እህት አለችው እኮ» አላት፤ ቀስ ብሎ፣ በትሕትና፣ የተሳሳተ ሒሳብ እንደሚያርም ሰው።

መጽሐፉን መልሶላት ክፍሉ ገባ። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ነርሷ የማን ቤት እንደሆነ ያኔ ገብቷት አለቀሰች። አንቺ ታለቅሺ እንደሆነ አላውቅም፤ «ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በፍጹም» የሚል መጠይቅ ልላክልሽ?

ለጥር 25 አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል። ከእንግዲህ ነይ አልልሽም።

አክስትሽ

ጥር 23

ይድረስ ለአክስቴ፤

በምን አፌ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም። ቢሆንም ጤናዎን እመኛለሁ፤ ከነገ ወዲያም እግዚአብሔር ይርዳዎ።

የሰው ስም አልጠራሁም፣ የቦታ ስም አልጠራሁም። በሙያችን ምሳሌ የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። ፈቃድዎን መጠየቅ ግን ነበረብኝ፣ ይህን አምናለሁ። መልካሙን ነገር ያላስገባሁት ደግሞ ክፍሉ ስለ ስህተት የሚያስተምር ስለሆነ ነው። ይህን ጽፌ መልሼ ሳነበው ለራሴም አልጣመኝም።

እውነቱን ልንገርዎ። መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነበር። አባታችን ከማረፉ ሦስት ዓመት በፊት ነው፤ እኔ ነርስነት ስማር ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ስለ አእምሮ ሕመም የሚያስተምረው መጽሐፍ ተከፍቷል። ገብቶ አጠገቤ ቆመና፣ ስሜን የሚጠሩ ሰዎች አሉ፣ አይታዩኝም አለኝ። «ተወኝ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» አልኩት። ፈተናው ስለዚሁ በሽታ ነበር። አለፍኩ። እሱ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ቆየ። እኔ ይኸው በየክፍሉ ቆሜ፣ ቤተሰብ ቶሎ ጆሮ ቢሰጥ ኖሮ እያልኩ አስተምራለሁ። እዚያ መጥቼ እሱ ፊት መቀመጥ ግን አቅቶኛል። ያንን ቀን ያስታውሰው እንደሆነ እፈራለሁ። ነቃፊው ሰው እርስዎ ሆነው እንዲጻፉ የፈለግሁት ለዚህ ይሆናል።

መጽሐፉ በሰኔ ወር እንደገና ይታተማል። ቤተሰብ ቁጥር ሦስትን አስተካክለዋለሁ። የእርስዎን ቃላት አወጣለሁ፤ እህትም እጨምራለሁ። እባክዎ ይንገሩኝ፤ እህቲቱ ምን ስታደርግ ልጻፋት?

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 8

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ። ጽሕፈቱን አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል፤ እጁ የወንድምሽ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። ቀዶ የተደረገለት ዓይኔ ገና አልጠራም፣ ሌላው አያይም። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አንቺን ስሰድብ ብዕሩ ይቆማል። ጻፍ ስለው ይጽፋል፤ አንዳንዱን ግን ሳያለዝበው እንዳልቀረ እጠረጥራለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። የወሰደችኝም የመለሰችኝም ነርሷ ናት። መሐንዲሱ ግማሽ ቀን ለብቻው ዋለ፣ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ስንመለስ ከቤት ወጥቶ መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ አገኘሁት ስልሽ ነርሷ ነገረችኝ እንጂ እኔማ በምን አይቼ። መጽሐፍሽ አንድ ቦታ ላይ ለነርሶቹ «ከቤተሰቡ መካከል የሚችለውን ሰው ለዩ» ይላል አሉ። ነርሷ ከቤተሰቡ እሱን ለየች። የዓይን ጠብታው በቀን አራት ጊዜ ነው፤ እጁን ይታጠባል፣ ይቆጥራል፣ አንድ ጠብታ ያደርግልኛል። አንድ ቀን አላሳለፈም። የሚበላ የምታመጣልን ጎረቤቴ ናት፤ በሦስተኛው ቀን በሩን የከፈተላት እሱ ነው። ያንን «የሚችለውን ሰው ለዩ» የሚለውን ምክር ስትጽፊው እሱን አስበሽ እንዳልጻፍሽው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጠቅሞናል፣ አልክድሽም።

ደብዳቤሽን ያነበበልኝም እሱ ነው። ሌላ ማን ሊያነብልኝ ኖሯል? ፈተና አለብኝ ያልሽው ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሲጨርስ ያንን ቀን ታስታውሰዋለህ ወይ አልኩት።

«ዘጠና አንድ ነው ያገኘችው» አለኝ።

ስለዚህ የፈራሽው ነገር እውነት ነው፤ ያስታውሳል። ውጤትሽን ጨምሮ። እኔ ይኼን ያህል ዓመት በወረቀት ስትነግጂብን ንቄሽ ነበር፣ አሁንም ብዙም አልተውኩትም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ይዞ የቀረው ማለፍሽን ነው። ምን ይደረግ፣ ታሟል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የኔን ቃል አታውጪ፤ ብዬዋለሁ፣ ይቀመጥ። ምንጣፉንና መርፌውን ግን ጨምሪ። ስለ እህቲቱ ምንም ፈጥረሽ እንዳትጽፊ። «እህት አለችው፤ አልመጣችም» ብለሽ ጻፊ፣ በቃ። ይኼንን አልኩትና ጻፈው። እስቲ አንብብልኝ ስለው «እህት አለችው፤ ገና አልመጣችም» ብሎ አነበበልኝ። እኔ ገና አላልኩም። ሰርዘው አልኩት። አልሰርዝም አለኝ።

አክስትሽ